ፊት አውልቆ የአኒሜ ፊት መልበስ

አክስቴ ባለፈው ሰሞን ደውላ «አንተ፣ ቴሌግራምህ ላይ ያለው ልጅ ማነው?» አለችኝ። ማንም አይደለም፣ አኒሜ ነው፣ የጃፓን ካርቱን አልኳት። «እሱንማ አያለሁ፤ ዓይኑ ሲኒ ያክላል። ያንተ ፊት ምን ሆነና ነው?» ካርዷ አልቆ ስልኩ እስኪቋረጥ ሳስረዳት ቆየሁ። አልገባትም። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ከመሐል ነው የጀመርኩባት። እዚህ ግን ከሥሩ ልጀምር፤ እንደሷ የምትጠይቅ አክስት እናንተም አታጡም።

አብዛኛው ሰው የአኒሜ ፎቶ የሚያደርገው አኒሜ ስለሚወድ ብቻ ነው። እኔም እንደዛው ነበርኩ። ሰፈራችን ፍላሽ ይዘን ሄደን ፊልም የምናስጭንበት ቤት ነበረ፤ ልጁ ከቱርክ ድራማው መሐል አንድ ሁለት ሲዝን አኒሜ ጣል ያደርግልን ነበር። ፊቴን መሸፈኛ ያደረግኩት በኋላ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ተሸፍኛለሁ ብዬ ተዝናንቼ ተቀመጥኩ። ከዚያ አንድ ቀን የማላውቀው ሰው ኢንቦክስ ገብቶ ሙሉ ስሜን እስከ አያቴ ጽፎ «ሰላም ነው?» አለኝ። ምንም አላደረገኝም፣ ምንም አልጠየቀኝም፣ ከዚያም በኋላ አልጻፈም። እንቅልፍ ግን ነሳኝ። እንዴት እንዳገኘኝ ስደርስበት እነግራችኋለሁ።

ዴዝ ኖት የሚባለውን አኒሜ ያያችሁ ታስታውሳላችሁ። ላላያችሁ፦ አንድ ተማሪ ደብተር ያገኛል፣ እዚያ ላይ ስሙ የተጻፈ ሰው ይሞታል። ግን ስም ብቻውን አይበቃም። ጸሐፊው የሰውየውን ፊት በአእምሮው መያዝ አለበት። ፊቱን እያወቀ ስሙን ካላወቀ ምንም አያመጣም፤ ስሙን ይዞ ፊቱን ካላወቀም እንደዚያው። ስለዚህ በታሪኩ ውስጥ ብልጥ የሆነው ሁሉ ወይ ስሙን ወይ ፊቱን ይደብቃል። እኔ ስለ ኦንላይን ጥንቃቄ ከሰማሁት ሁሉ ይሄን የሚያህል ቀላል ትምህርት አላገኘሁም። ሁለቱንም መደበቅ ግዴታ አይደለም። እንዳይገናኙ ማድረግ ነው። የሥራ ገጻችሁ ላይ ከነሙሉ ስማችሁና ከነከረባታችሁ ተቀመጡ፣ ግድ የለም። አስተያየት የምትጽፉበት፣ የምትከራከሩበት፣ የምትቀልዱበት አካውንት ላይ ግን ስሙም ፊቱም አይኑር፣ ከዚያኛው ጋር የሚያያይዘው ክርም አይኑር። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ክሩን ስለመበጠስ ነው።

(ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። በኛ ሲሆን እናገራለሁ።)

ኮምፒውተሩ ፊታችሁን እንዴት ያውቀዋል

ይሄን ሳታውቁ ወደ ሴቲንግ ብትሮጡ ነገሩ ውኃ መውቀጥ ነው የሚሆነው። ማሽኑ እኛ ሰው ስናይ «የእገሌን ዓይን ወስዷል» እንደምንለው አያይም። መጀመሪያ ፎቶው ላይ ፊቱ የት እንዳለ ይፈልጋል። ያቃናዋል። ከዚያ ወደ ቁጥሮች ይቀይረዋል። ለምሳሌ የጉግል ሰዎች በ2015 ያወጡት ፌስኔት የሚባል አሠራር አንድን ፊት በ128 ቁጥሮች ያስቀምጣል። የአንድ ሰው ሁለት ፎቶዎች ቁጥራቸው ይቀራረባል፣ የሁለት ሰዎች ይራራቃል። በቃ፣ ይሄው ነው። ጢም ብታሳድጉ፣ ጸጉር ብትቆረጡ፣ አምስት ዓመት ቢያልፍ ቁጥሩ ብዙም አይርቅም። ፓስወርድ ቢሰረቅባችሁ ትቀይራላችሁ፣ ሲም ቢጠፋ ሌላ ታወጣላችሁ። እነዚያን ቁጥሮች ግን የምትቀይሩበት መንገድ የለም።

የአኒሜ ሥዕል የሚጠቅመውም በዚሁ ምክንያት ነው። ፊት ቢኖረውም ቁጥሩ የናንተ አይደለም።

ቁጥሩን ማን ይሰበስባል ካላችሁ፣ ክሊርቪው ኤአይ የሚባል የአሜሪካ ድርጅት አለ። ከፌስቡክና ከሌሎች ገጾች የሰው ፎቶ ሳያስፈቅድ ሰብስቦ ፖሊስ የሚፈልግበት ማሽን ሠራ። በጃንዋሪ 2020 ኒውዮርክ ታይምስ ጉዳዩን ሲያወጣው ከሦስት ቢሊዮን በላይ ፎቶ አለኝ ይል ነበር። ጣሊያን በ2022 ሃያ ሚሊዮን ዩሮ ቀጣችው፣ ኔዘርላንድስ በ2024 ደግሞ 30.5 ሚሊዮን። እሱ እዚያ ቢሮ የለኝም፣ ሕጋችሁ አይመለከተኝም ባይ ነው። እሱ እንኳ በፖሊስ እጅ ነው እንበል። ፒምአይስ የሚባለው ግን ለማንም ክፍት ነው። አንድ ፎቶ ትጭናላችሁ፣ ያ ፊት በድረ ገጾች ላይ የት የት እንዳለ ያመጣል። ሚስትም ባልም ቀጣሪም ቂመኛም ይጠቀምበታል። ከመንግሥት ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚቸገረው በሚያውቀው ሰው ነው።

«ማሽኑ ጥቁር ሰው አይለይም ሲባል ሰምቻለሁ፣ ተመስገን» የሚል ጓደኛ አለኝ። ወሬው ከምንም አልተነሳም። አዲስ አበባ ከኤርትራውያን ወላጆች የተወለደችው ትምኒት ገብሩ ከጆይ ቡኦላምዊኒ ጋር ሆና በ2018 ባወጡት ጥናት ከፎቶ ጾታ የሚገምቱ የሦስት ኩባንያ ሶፍትዌሮችን ፈትነው ነበር። በነጣ ያለ ቆዳ ባላቸው ወንዶች ላይ ስህተቱ ቢበዛ 0.8 ከመቶ ነው። በጠቆር ያለ ቆዳ ባላቸው ሴቶች ላይ እስከ 34.7 ከመቶ ደረሰ። ግን ይሄ ለኛ ጋሻ አይሆንም። አይለይም ማለት አይነካም ማለት አይደለም፣ ከሌላ ሰው ጋር ያምታታችኋል ማለት ነው። በጃንዋሪ 2020 አሜሪካ ውስጥ ዲትሮይት አጠገብ አንድ ጥቁር አባወራ ማሽን ከሌባ ጋር አመሳስሎት ሚስቱና ልጆቹ ፊት በካቴና ታስሯል። ሰዓት ሰርቀሃል ተብሎ።

መጀመሪያ ራሳችሁን ፈልጉ

የሚያስፈራው ደረጃ ይሄ ነው፣ ግን ዝለሉትና ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው። ስማችሁን በአማርኛም በእንግሊዝኛ ፊደልም ፈልጉ። የኛ ስም በላቲን ሲጻፍ ወጥ አይደለም፤ ጸጋዬ ብቻ አምስት ዓይነት አጻጻፍ ይወጣዋል። ሁሉንም ሞክሩ። ከአባት ስም ጋር፣ ከትምህርት ቤት ስም ጋር፣ ከድሮ ቅጽል ስማችሁ ጋር።

ከዚያ ፊታችሁን። ፒምአይስ ላይ የራሳችሁን ፎቶ ጭናችሁ ምን እንደሚያመጣ እዩ። አዎ፣ ፊትን ለመደበቅ ፊትን ማስረከብ ነው፣ እኔንም ቆርቁሮኛል። ግን ሌላው ሰው ሊያየው የሚችለውን ሳታዩ ምን እንደምታጠፉ አታውቁም። ውጤቱ ውስጥ መግባት ካልፈለጋችሁ የሚሞላ ፎርም አላቸው፤ ፎቶና መታወቂያ ይጠይቃል፣ መታወቂያው ላይ ከፎቶው ሌላ ያለውን በጥቁር ሸፍናችሁ ላኩ። ፎርሙ ከነሱ ፍለጋ ውስጥ ያወጣችኋል እንጂ ፎቶውን ካለበት ገጽ አያጠፋውም።

እኔ ስፈልግ ምን ወጣ መሰላችሁ? የምረቃ ፎቶዬ። ጋዋን ለብሼ፣ አበባ ታቅፌ፣ ጥርሴ ሁሉ እየታየ። ያነሳኝ ፎቶ ቤት ድረ ገጹ ላይ የሥራ ናሙና አድርጎ ለጥፎታል፣ ከሥሩ ደግሞ «እንኳን ደስ አለህ» ብሎ ሙሉ ስሜን እስከ አያቴ። ስምና ፊት፣ አንድ ገጽ ላይ። ደብተሩ ላይ ራሳቸው ጽፈውልኛል ማለት ነው። ደወልኩላቸው። የመጀመሪያ ቀን «ማስታወቂያችን ነው እኮ» አሉ። ሁለተኛ ቀን ኃላፊው የለም። በሦስተኛው አነሱት፣ እግዜር ይስጣቸው። እናንተም ስትደውሉ አትቆጡ፣ ሊንኩን በቴሌግራም ላኩና «ይሄን ብቻ አንሱልኝ» በሉ። ፎቶውን ከገጹ የሚያጠፋው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ቅር አይለውም፤ ማን እንደለጠፈው እንኳ አያውቅም።

ከምረቃ የባሰው ሠርግ ነው። ሚዜ ሆናችሁ የጨፈራችሁበት የሦስት ሰዓት ቪዲዮ ዩቲዩብ ላይ ሊኖር ይችላል፣ ርዕሱ ላይ የሙሽሮቹ ስም፣ ከሥሩ ደግሞ ዘመድ ሁሉ ስም እየጠራ «ውይ እገሌን አየሁት» እያለ። የራሳችሁ ሠርግ ከሆነ ከካሜራ ባለሙያው ጋር ስትዋዋሉ «ያለኛ ፈቃድ አይጫንም» የሚል አንድ መስመር ውሉ ላይ አስገቡ። በኋላ ከመለመን አንድ መስመር ይሻላል።

የድሮውን ፊት ማውጣት

ያ ሰው እንዴት እንዳገኘኝ ልንገራችሁ። ቴሌግራም ፕሮፋይል ፎቶ ስትቀይሩ የድሮውን አያጠፋውም። ከኋላ ይደረድረዋል። ማንም ፎቶአችሁን ነክቶ ወደ ጎን ቢስብ አንድ በአንድ ያየዋል። እኔ የአኒሜውን አስቀምጬ ረክቻለሁ፣ አምስተኛው ላይ ግን የራሴ ሴልፊ ጥርሱን አውጥቶ ተቀምጧል። ሰውየው ሳበ፣ ሴልፊውን አወረደ፣ ፊት ፈላጊ ላይ ጫነ፣ ፎቶ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ደረሰ፣ ስሜን አነበበ። በኋላ ራሴ ሞክሬው አራት ደቂቃ ነው የወሰደብኝ።

ስለዚህ ቴሌግራም ላይ የራሳችሁን ፎቶ ክፈቱ፣ እየሳባችሁ አንድ በአንድ አጥፉ። ሌላ አቋራጭ የለውም። ከዚያ ሴቲንግ፣ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ ግቡ። ፎን ነምበር የሚለውን ማን ያያል ሲል «ኖባዲ»፣ በቁጥሬ ማን ያገኘኛል ሲል «ማይ ኮንታክትስ» በሉ። ሁለተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ቁጥራችሁ ባይታይም ቁጥራችሁን ስልኩ ላይ የመዘገበ ሰው ሁሉ የአኒሜውን አካውንት ያገኘዋል፤ የሰፈር ባለሱቅ፣ የድሮ አለቃ፣ ቤት ያሳያችሁ ደላላ። ፎርዋርድድ ሜሴጅስ የሚለውንም ኖባዲ አድርጉት፣ መልእክታችሁን ሌላ ሰው ሲያስተላልፈው ወደ አካውንታችሁ የሚመልሰው ሊንክ ይቀራል። ኮንታክት ሲንክ ደግሞ ይጥፋ።

ፌስቡክ ላይ ዋናው ችግር እናንተ የለጠፋችሁት አይደለም፣ ሌላው ታግ ያደረጋችሁ ነው። ታግ ከመታየቱ በፊት እናንተ እንድታጸድቁት የሚያደርግ ምርጫ ሴቲንግ ውስጥ አለ፣ አብሩት። ፌስቡክ ራሱ ከ2010 ጀምሮ «ይሄ እገሌ ነው?» እያለ ታግ የሚጠቁም ፊት መለያ ነበረው። ኖቬምበር 2021 ላይ ዘግቼዋለሁ፣ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ሰዎች የፊት መረጃ አጠፋለሁ አለ። በጎ ፈቃድ አድሮበት እንዳይመስላችሁ፤ ኢሊኖይ የሚባለው የአሜሪካ ግዛት በ2008 ባወጣው ሕግ ተከሶ 650 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል። የኛም አገር የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 (ይሄ በኛ አቆጣጠር ነው) ወጥቷል፤ ለፎቶ ቤት ስትደውሉ ቁጥሩን ጣል ብታደርጉት አይጎዳም።

የትኛውን ፊት ልልበስ?

እዚህ ላይ ጨዋታው ይጥማል፣ ትንሽ ልቆይበት።

ከሁሉ በፊት ሴልፊያችሁን ወደ አኒሜ የሚቀይር አፕ አትጠቀሙ። ማርች 2025 ላይ ቻትጂፒቲ ፎቶን ስቱዲዮ ጂብሊ የሚባለው የጃፓን አኒሜ ድርጅት ወደሚሠራው ዓይነት ሥዕል መቀየር ሲችል ሰው ሁሉ ያበደበት ሳምንት ትዝ ይላችኋል። የእኔ ፌስቡክም ከላይ እስከ ታች ጂብሊ ሆነ፤ ቤተሰብ፣ ሙሽሮች፣ ሕፃን፣ ውሻ። ሥዕሉ ያምራል፣ አልዋሽም። ግን ፊቱን ለመሸፈን ብሎ ያደረገው ሰው ጥርት ያለ የራሱን ፎቶ ለአንድ ኩባንያ ሰጥቶ ነው ሥዕሉን የተቀበለው። ሥዕሉም እሱን ይመስላል፣ ዓላማው እሱ ነበራ! ለደስታ ከሆነ ደስ ይበላችሁ። ለመደበቅ ከሆነ ግን ነጠላ ተከናንቦ ስምን ጮክ ብሎ መጥራት ነው።

ፎቶ የማይጠይቀው መንገድ ፒክሩ ነው። የጃፓን ድረ ገጽ ነው፣ ነፃ ነው፣ ሠዓሊዎች የሠሩትን ዓይን፣ ጸጉር፣ ልብስ እያማረጣችሁ ፊት ትገጣጥማላችሁ። የቆዳ ቀለም ምርጫው ከሠዓሊ ሠዓሊ ይለያያል፤ አንዳንዱ ላይ ከነጭ ሌላ አታገኙም፣ አንዳንዱ ላይ ጠይምም፣ ጥቁርም፣ አፍሮም ሹሩባም አለ። ትንሽ ፈልጉ። እያንዳንዱ ሠዓሊ ሥዕሉ ለምን ለምን እንደተፈቀደ ገጹ ላይ ስለሚያስቀምጥ እሱንም እዩት።

ሌላው መንገድ የታወቀ ገጸ ባሕርይ መውሰድ ነው። እዚህ ላይ አብዛኛው ሰው ከሚያስበው ተቃራኒው ነው ልክ። ማንም የሌለው፣ ልዩ፣ ለራሴ ብቻ የተሳለ ሥዕል ይሻለኛል ትላላችሁ። አይሻልም። ልዩ ሥዕል ሁለት አካውንት ላይ ከታየ ሁለቱም ያንድ ሰው ናቸው፣ በምስል መፈለጊያ ወዲያው ይገጥማል። አንድ ጓደኛዬ የተያዘው እንዲህ ነው። ለሠዓሊ ከፍሎ ያሠራትን ቆንጆ ሥዕል ስም የሌለበት አካውንቱ ላይም ጌም በሚጫወትበት ላይም አደረጋት፣ ጌሙ ላይ ደግሞ ስሙ ነበረ። እልፍ ሰው የሚጠቀመውን የናሩቶ ፎቶ ብታደርጉ ግን ማን ከማን ይለያችኋል? መርካቶ መሐል ሰማያዊ ጃኬት ለብሶ እንደመቆም ነው። ካልሆነ ለየአካውንቱ የተለያየ ሥዕል። ዩዘርኔምም እንደዚሁ፤ የልደት ዓመታችሁን መጨረሻው ላይ አትለጥፉ፣ ሁላችንም ይሄን እናደርጋለን፣ ሁላችንም እንታወቅበታለን።

በእንቅስቃሴ ለምትፈልጉ፣ ማለትም ላይቭ መግባት፣ ማስተማር፣ ጌም ማሳየት ለምትፈልጉ፣ ቪቱበር የሚባለው አለ፤ በራስ ፊት ፋንታ በሚንቀሳቀስ የአኒሜ ገጸ ባሕርይ መቅረብ ነው። ጃፓን ውስጥ ኪዙና አይ የተባለችው ገጸ ባሕርይ በ2016 መጨረሻ ዩቲዩብ ላይ ከጀመረች ወዲህ ነው ስሙ የገነነው። ቪሮይድ ስቱዲዮ በሚባል ነፃ ሶፍትዌር ገጸ ባሕርዩን ትሠራላችሁ፣ ቪሲፌስ በሚባል ሌላ ነፃ ሶፍትዌር የላፕቶፓችሁ ካሜራ ፊታችሁን እየተከተለ ገጸ ባሕርዩ አብሯችሁ ይስቃል፣ ያፈጣል። ሥራው እዚያው ኮምፒውተራችሁ ላይ ስለሚያልቅ ፊታችሁ የትም አይላክም። ድምፃችሁ ግን የናንተው ነው። እናትህ በድምፅህ ካወቀችህ ሌላውም ያውቅሃል።

የሌላ ሰው ፊት

የማኅበር፣ የሰልፍ፣ የቢሮ ድግስ ፎቶ ስትለጥፉ የሌላውን ሰው ስምና ፊት እያገናኛችሁ ነው። ጠይቁ። ካልሆነ ሸፍኑ። አሸፋፈኑ ላይ ግን አትሳሳቱ፤ ስስ ብዥታ አይበቃም። በ2016 የቴክሳስ ኦስቲንና የኮርኔል ቴክ ተመራማሪዎች የተበዠዙና በሞዛይክ የተሸፈኑ ፊቶችን ማሽን አሠልጥነው መለየት ችለዋል። ሙሉ በሙሉ የሚደፍን ነገር አድርጉበት፣ ጥቁር ሳጥንም ሆነ የአኒሜ ስቲከር። ከዚያ የተሸፈነውን ፎቶ ስክሪንሾት አንሱና ስክሪንሾቱን ላኩ። የሚበዛ ይመስላል፣ ግን ማርች 2023 ላይ በጉግል ፒክስል ስልክ የተቆረጡ ፎቶዎች የተቆረጠው ክፍል ሊመለስ እንደሚችል ታውቋል፤ ቆርጬ ጥያለሁ ካለው ብዙው ፋይሉ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ቴሌግራም ላይ ደግሞ ፎቶን «ፋይል» አድርጋችሁ አትላኩ፣ የተነሳበት ቦታና ሰዓት አብሮ ሊሄድ ይችላል።

ሲዘጋስ?

የአኒሜ ፊትና ሳንሱር ምን አገናኛቸው የሚል ካለ፣ ያው ያ ደብተር ነው። ቻይና በጁን 2015 አትታክ ኦን ታይታንን ጨምሮ 38 አኒሜዎችን ከኦንላይን ስትከለክል ዴዝ ኖት ዝርዝሩ ውስጥ ነበር። በጃንዋሪ 2021 ደግሞ ሴንት ፒተርስበርግ ያለ ፍርድ ቤት ዴዝ ኖትን የሚያሳዩ ድረ ገጾች እንዲታገዱ ወሰነ። ሁለቱም ልጆችን ለመጠበቅ ነው ያሉት። ልጆቹ በሌላ መንገድ እንዳዩት መገመት አያቅትም።

እኛ ጋ አኒሜ ተለይቶ አልታገደም፣ አኒሜውን የምናገኝበት መንገድ ነው አብሮ የሚዘጋው። የካቲት 2015 (በኛ) በቤተ ክርስቲያን ጉዳይ ውጥረት በነገሠበት ሰሞን ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተዘጉ፤ የተከፈቱት ሐምሌ ላይ ነው። አምስት ወር። እኔ ያኔ ያገኘሁትን ነፃ ቪፒኤን ስልኬ ላይ ጫንኩ፣ ስሙን አልጠራም፣ ኮንታክቴን፣ ማይክሮፎኔን፣ ቦታዬን ሁሉ ልይ አለ። እሺ እሺ እሺ። ፊቴን የደበቅኩ ጎበዝ ስልክ ማውጫዬን በሙሉ አስረከብኩ።

ስለዚህ ሁለት ነገር ለዩ። ብሎክ ሲሆን፣ ማለትም ኢንተርኔቱ እየሠራ አንዳንድ ገጽ ሲከለከል፣ ቪፒኤን ይሠራል። መረጃችሁን ጠቅልሎ ሌላ አገር ወዳለ ሰርቨር ይወስደዋል፤ ቴሌው ቪፒኤን መጠቀማችሁንና ስንት ሜጋ እንደጨረሳችሁ ያያል፣ የት እንደገባችሁ አያይም። የት እንደገባችሁ የሚያየው አሁን የቪፒኤኑ ባለቤት ነው። ማን እንደሆነ ሳታውቁ አትስጡት። ፕሮቶን ቪፒኤን ማስታወቂያ የሌለው ነፃ አገልግሎት አለው፣ ሳይፎንም አለ፣ ቶር ብራውዘርም «ብሪጅ» በሚባለው መንገዱ እገዳ ያልፋል፣ ግን ቀርፋፋ ነው። ቴሌግራም ብቻ ከሆነ የሚያስፈልጋችሁ ራሱ ውስጥ ፕሮክሲ (መሐል ሆኖ መልእክቱን የሚያሻግር ሰርቨር) የሚገባበት ቦታ አለ። ዋናው ግን አሁን፣ ሁሉ ነገር ክፍት ሳለ፣ አውርዱና ሞክሩት። በተዘጋ ሰሞን የሚዞረው «ይሄን አፕ ጫን» የሚል ፋይል ምን እንደተሸከመ አይታወቅም።

ኢንተርኔቱ ራሱ ሲጠፋ ግን ቪፒኤን ምንም አይፈይድም። (ዓመቶቹ እዚህ በኛ ናቸው) ሰኔ 2012 መጨረሻ ከሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ ለሦስት ሳምንት ገደማ፣ ትግራይ ውስጥ ከጥቅምት 2013 ጀምሮ ለሁለት ዓመት ገደማ፣ አማራ ክልል በ2015 ሐምሌ መጨረሻ የሞባይል ዳታው ሲቋረጥ፤ ያኔ የሚጠቀለል ዳታም የለ። ያኔ ወደ ፍላሽና ወደ ዜንደር መመለስ ነው። አስፈላጊ ፎቶና ሰነዳችሁን፣ የሰው ስልክ ቁጥርን፣ ወረቀት ላይም ቢሆን አስቀምጡ። ውጭ ካለ ዘመድ ጋር ደግሞ በመደበኛ ስልክ መቼ እንደምትደዋወሉ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

የአኒሜው ፊት የማይሸፍነውንም ልንገራችሁ፣ በኋላ እንዳትወቅሱኝ። ሲማችሁ በመታወቂያችሁ የወጣ ነው። ቴሌግራም በዚያ ቁጥር ነው የተከፈተው። ሴፕቴምበር 2024 ላይ ቴሌግራም ሕጋዊ ጥያቄ ከቀረበለት ስልክ ቁጥርና አይፒ አድራሻ እንደሚሰጥ ፖሊሲው ላይ ጽፏል። ፋይዳ ካወጣችሁ ፊታችሁም አሻራችሁም ዓይናችሁም ተመዝግቧል። የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ አዋጁም (1185/2012፣ በኛ) የፕሮፋይል ፎቶ አይቶ አይምርም። ናሩቶ ሆናችሁ ሰው ብትሳደቡ የሚጠየቀው ናሩቶ አይደለም። ሥዕሉ የሚሸፍናችሁ ከነገረኛው ጎረቤት፣ ከቂመኛው፣ ፊት ከሚለቅመው ማሽን ነው። እኔን ይበቃኛል።

አክስቴ በመጨረሻ ቤቷ ሄጄ ስልኳን ይዤ ሳሳያት ገባት። «ለኔም አድርግልኝ» አለች። ፒክሩ ላይ አንድ ሰዓት ተቀመጥን። ነጠላ የለም፤ ነጭ ኮፍያ ያለው ልብስ አገኘንና ነጠላ ነው ብለን ተስማማን። ዓይኑ ተለቀብኝ ብላ ሦስቴ አስቀየረችኝ። ወደደችው፣ ፌስቡኳ ላይ አደረገችው፣ እኔም ደስ ብሎኝ ቤቴ ገባሁ። ማታ ላይ ስከፍተው ከአዲሷ ፊት ሥር ባለፈው እሁድ የነበረውን የማኅበር ፎቶ ሁሉ ለጥፋዋለች፣ የእያንዳንዷን ሴት ስም ከነአባቷ ጽፋ። ሃያ ሰባት ፎቶ ነው። ነገ ጠዋት ቡና ልጠጣ ብዬ እሄዳለሁ፣ አብረን እናጠፋዋለን።